ጥቁር መስታወት ያለው ሄልሜት

ባለቤቴ ሞተር ሳይክል መንዳት ስትጀምር እኔ ብስክሌት እንኳ በቅጡ አልችልም ነበር።

ያኔ የምንኖረው አምቦ ነው። እሷ ጉደር ባለው የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የክትባት ሥራ ታስተባብራለች፤ እኔ እዚያው ጉደር ሒሳብ አስተምራለሁ። በየጠዋቱ አብረን መናኸሪያ ሄደን ሚኒባስ እንጠብቃለን። ሚኒባሱ ካልሞላ አይነሳም፤ ከሞላ በኋላም ሁለት ሰው ካልተጨመረበት አይነሳም። እኔ የተማሪ ደብተር ጭኔ ላይ ቆልዬ፣ እሷ የሁለታችንንም ቦርሳ አቅፋ፣ የማናውቀው ሰው ክርን ጎናችንን እየደቃው እንደርሳለን። የሚያዘገየን አንተ ነህ ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ጠዋት ካልሲዬን የማገኘው እሷ ፈልጋ ስትሰጠኝ ነው።

አንድ ዓመት ለጽሕፈት ቤቱ ሁለት ሞተር ሳይክሎች መጡለት። ሥልጠና የሚፈልግ ይመዝገብ ሲባል አምስት ሰው ተመዘገበ፤ ከአምስቱ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ሥልጠናው ኳስ ሜዳ ላይ ስለነበር ከክፍል ስወጣ አጥር ተደግፌ አያለሁ። አንዱ ወንድ በሁለተኛው ቀን ቀጥ ብሎ ሄዶ ከጎሉ ቋሚ ጋር ተጋጨና በዚያው ቀረ። ሌላው ማርሽ መቀየር አልሆንልህ ብሎት ሳምንቱን ሙሉ በአንደኛ ማርሽ ሜዳውን ሲዞር ሰነበተ። እሷ ግን ቀሚሷ ሥር ሱሪ ለብሳ፣ የታች ከንፈሯን ነክሳ፣ በተተከሉት እንጨቶች መካከል እየተጥመለመለች ታልፋለች። መንጃ ፈቃዷን ያገኘች ቀን መሥሪያ ቤቱ የሰጣትን ነጭ ሄልሜት በብብቷ ይዛ ገባች፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ እጇን ታጥባ ራት ቀረበች። እንዴት ሆነ ብላት "አለፍኩ" ብላ ወጥ ጨመረች።

ከዚያ ከሰኞ ጀምሮ ሚኒባስ መጠበቅ እንደሚቀርልን ነገረችኝ።

"እኛ ማለት?" አልኳት።

"እኔ እነዳለሁ፤ አንተ ከኋላዬ ትፈናጠጣለህ።"

ጉርሻው አፌ ውስጥ ቆመ። በዚያ ዘመን በአምቦም ሆነ በጉደር ሴት ከባሏ ኋላ በጎን ተቀምጣ፣ አንድ እጇን ወገቡ ላይ አሳርፋ ስትሄድ አይቻለሁ። ወንድ ከሚስቱ ኋላ ተፈናጥጦ ሲሄድ ግን አላየሁም፤ ያየ ሰውም አላወራልኝም። እኔ ደግሞ ዘመናዊ ሰው ነኝ ብዬ የማምን ነበርኩ። ሴት ተማሪዎቼን ከወንዶቹ እኩል ሰሌዳ ላይ አወጣለሁ፤ የሴቶች ክበብ ስብሰባ ላይ ሳልጠራ እገኛለሁ፤ ሴት ምንም ነገር ይሳናታል ብላችሁ እንዳታስቡ እያልኩ እናገራለሁ። የምትነዳው ሴት የሰው ሚስት ብትሆን ኖሮ ቀድሜ የማጨበጭበው እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ሰበብ ፈለግሁ። ሞተሩ የመንግሥት ነው፤ እኔን ይዘሽ ብትሄጂ ትጠየቂያለሽ አልኳት። አንገቷን ነቀነቀችና ተኛች። በማግሥቱ ኃላፊዋን ጠይቃ መልሱን ይዛልኝ መጣች። መንገዳችን አንድ ስለሆነ ችግር የለውም ብሏል። አንድ ነገር ብቻ፦ ለአንድ ሞተር የተሰጠው ሄልሜት አንድ ነው፤ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው የራሱን ገዝቶ ያጥልቅ። ያለ ሄልሜት እግሩን ቢያነሳ ሞተሩን እቀማሻለሁ ብሏታል። እኔም አምቦ ውስጥ ሄልሜት አይገኝም ብዬ ተጽናናሁ። እሷ ግን ከመናኸሪያው በላይ ካለው መለዋወጫ ሱቅ አራት ተሰቅለው አይታ መጥታለች።

ቅዳሜ ዕለት ልምረጥልህ ብላ ተነስታ ነበር። አንድ ወንድ ለገዛ ራሱ ቆብ መምረጥ አያቅተውም ብዬ ብቻዬን ወጣሁ። በር ላይ አስቁማ የሥልጠናዋን ትምህርት በሙሉ ደገመችልኝ። ጉንጭን ጭምቅ አድርጎ መያዝ አለበት። ራስህን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስትወዘውዝ አብሮ መዞር አለበት። ማሰሪያው አገጭህ ሥር ሲቆለፍ ከሁለት ጣት በላይ እንዳያስገባ። አንዴ ወድቆ የተመታ ከሆነ ቢያብረቀርቅም አትግዛው። ቀለሙን ደግሞ እርሳው። እኔም ተማሪዎቼ የቤት ሥራ ስሰጣቸው እንደሚሉት እሺ እሺ እያልኩ ሄድኩ።

የሱቁ ባለቤት ሰው ሁሉ በኦሮምኛ አቶ እንደ ማለት ኦቦ ብሎ ስማቸውን አስከትሎ የሚጠራቸው፣ ጣቶቻቸው በግራሶ የጠቆሩ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ አዛውንት ነበሩ። ሰንሰለቱ፣ የፍሬን ሽቦው፣ ጎማው ሁሉ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ከበላዩ አራት ሄልሜቶች። አንዱ ለሁለት የተገመሰ ቅል የሚመስል ነው፤ ጆሮ እንኳ አይሸፍንም። አንዱ ቀይ ነው፤ ስንጥቁን በማስቲሽ ለጥፈውታል፤ እሳቸውም አልደበቁኝም። ሦስተኛው ቢጫ ነው፤ ግንባርንና ጆሮን ይይዛል፤ ፊት ግን ክፍት ነው። አራተኛው ጥቁር፣ አገጭን ጭምር የሚሸፍን፣ ከፊቱ እንደ ተቃጠለ ዘይት የጠቆረ መስታወት ያለው።

ጥቁሩን አወረድኩና አጠለቅሁት። ኦቦ አንድ የሞተር መስተዋት አንስተው ፊት ለፊቴ ያዙልኝ። መስተዋቱ ውስጥ እኔ የለሁም። ትልቅ ጥንዚዛ የሚመስል ራስ ብቻ አለ። ደስ አለኝ። ይሄ ነው አልኳቸው።

እስኪ ራስዎን ይወዝውዙት አሉኝ። ወዘወዝኩት። ራሴ ወደ በሩ ዞረ፤ ሄልሜቱ ግን ወደ መደርደሪያው እያየ ቀረ። አዛውንቱ እንደ መሳቅ ብለው ተዉት። ይሄ የተሠራው ሰፋ ላለ ራስ ነው፤ የእርስዎ ልክ ቢጫው ነው አሉ። ፀጉሬን ላሳድገው አስቤያለሁ፣ ያኔ ይሞላዋል ብዬ መለስኩላቸው። ከኮሌጅ ጀምሮ ወደ ኋላ እየሸሸ ያለውን ግንባሬን ለረጅም ጊዜ አዩትና ከአሮጌ ፍራሽ ላይ ስፖንጅ ቆርጠው ከውስጥ ጠቀጠቁልኝ። ማሰሪያውም መቆለፊያው ላልቶ ስለነበር በሽቦ ቢጤ አጠበቁት። ነጋዴ ሆነው ውዱን እንዳልገዛ የለመኑኝ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ አልሰማኋቸውም።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ጥቁሩን አገላብጣ አየችው። ስፖንጁን በጣቷ ጫን ጫን አደረገች። ጉንጭህን ያዘው ወይ አለችኝ። ያዘው አልኩ። ይዞርብሃል ወይ አለችኝ። አይዞርም አልኩ። መስታወቱ ለምን ጠቆረ ስትለኝ ለአቧራ ነው አልኳት። አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና ሄልሜቱን መለሰችልኝ።

ሰኞ ጠዋት ተነሳን። ከኋላዋ ስቀመጥ የክትባቱን ማቀዝቀዣ ሳጥን ጭኔ ላይ አደረገችልኝ፤ ከዚያ በፊት በገመድ የሚታሰርበት ቦታ ላይ እኔ ስለተቀመጥኩ ሳጥኑን መያዝ የእኔ ሥራ ሆነ። ጎረቤቶች በር በራቸው ላይ ቆመዋል። እኔ ከጥቁሩ መስታወት ኋላ ሆኜ አያቸዋለሁ፤ እነሱ አያዩኝም። ከገዛ በሬ፣ ከገዛ ሚስቴ ጋር እየወጣሁ ማንም አያውቀኝም ብዬ እንዴት እንዳሰብኩ ዛሬም ይገርመኛል።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስወርድ ዘበኛው ተነስተው ኮፍያቸውን አነሱ፤ "መምህር፣ እንደምን አደሩ?" አሉኝ። ሄልሜቱን ገና አላወለቅሁም። በምን አወቁኝ ብላቸው ጫማዬን አሳዩኝ፣ ቦርሳዬን አሳዩኝ፣ ከዚያም በአክብሮት፣ እሷ ሌላ ማንን ልታዝል ኖሯል አሉ።

ያም ሆኖ ጥቁሩን ሄልሜት ማድረጌን አልተውኩም። ተማሪዎች ከዘበኛው ያነሰ ያያሉ ብዬ ይሆናል። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ክፍል ስቃረብ አንዱ በመስኮት ብቅ ብሎ "ክትባት መጣ" ብሎ ሲናገር ሰማሁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም የክትባት ዘመቻ ሊኖር ነው መሰለኝ፤ ገብቼ ጠመኔውን ከማንሳቴ በፊት መርፌ መፍራት እንደማይገባ፣ ክትባት ለጤና እንደሚጠቅም፣ ሲመጣም በሥርዓት መቀበል እንዳለባቸው ሰፋ አድርጌ አስረዳኋቸው። የፊተኛው ረድፍ ዴስክ ላይ ተደፋ። የኋለኛው መሬት ወረደ። አንዲት ልጅ እንባዋን እየጠረገች አዎ ቲቸር፣ በየቀኑ በሥርዓት ነው የምንቀበለው አለችኝ። ክትባት የተባልኩት እኔ መሆኔን ያወቅሁት በዕረፍት ሰዓት፣ የመምህራን ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም ሰው ካወቀ በኋላ ነው።

ይህን ለባለቤቴ አልነገርኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም። ጉደር ገበያ አጠገብ ስንቆም፣ እሷ ከሰው ጋር ሰላምታ ስትለዋወጥ፣ እኔ እንደ ሐውልት ዝም ብዬ ሳጥኑን አቅፌ እቀመጣለሁ። መስታወቱን አንሳው፣ ሰው ሰላም በል ስትለኝ አቧራ አለ እላታለሁ። ክረምቱ ገብቶ ምድሩ ጭቃ በጭቃ ከሆነ በኋላም አቧራ አለ እላት ነበር።

በዚያው ክረምት፣ ትምህርት ገና ሳይዘጋ፣ አንድ ቅዳሜ ከጉደር ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ የክትባት ቀን ነበራት። አብሯት የሚሄደው መዝጋቢ ታሞ ስለቀረ አንተ መጥተህ ጻፍልኝ አለችኝ። ቅዳሜ ስለሆነ ተማሪ አያየኝም ብዬ ደስ እያለኝ ተከተልኳት። ከዋናው መንገድ ወጥተን ቀዩን አፈር ስንይዝ ካፊያ ጀመረ። ከዚያ ትንፋሼ መስታወቱን ከውስጥ ያዘው። መጀመሪያ የእሷ ጀርባ ደበዘዘ፤ ቀጥሎ ጠፋ። ያ የፍራሽ ስፖንጅ ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ተጨማደደና ሄልሜቱ ቀስ እያለ አፍንጫዬ ላይ ወረደ። ጨለማ ውስጥ፣ ሳጥን አቅፌ፣ የት እንደምሄድ ሳላውቅ እሄዳለሁ።

መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ከእኔ ጋር አብረህ ዘንበል በል ብላ ስትጮህ ሰማሁ። ይህን ከመጀመሪያው ቀን አስተምራኛለች፤ እሷ ወደምታዘነብልበት ማዘንበል፣ በቃ። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት አንድ እጄን ከሳጥኑ አንስቼ ሄልሜቱን ወደ ላይ ልገፋ እየታገልኩ ነበር። ወደ ግራ ማዘንበል ሲገባኝ ወደ ቀኝ አዘነበልኩ። ጎማው ጭቃው ላይ ተንሸራተተ።

ስንወድቅ ፍጥነት አልነበረንም፤ የተጋደምን ነው የምንመስለው። ነገር ግን የእሷ ሄልሜት ከመንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ጋር ሲጋጭ የሰማሁትን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳውም። የእኔው ጥቁር ሄልሜት ደግሞ ማሰሪያው ተፈትቶ ገና መሬት ሳልነካ ተለየኝ፤ ሲወጣ ጠርዙ አፍንጫዬን ሰነጠቀኝና ቁልቁል ወደ ማሳው ተንከባለለ። ባዶ ራሴ ጭቃው ላይ አረፈ።

ቀድማ የተነሳችው እሷ ናት። ሞተሩን አጠፋች። ከዚያ ሳጥኑን ከፈተች፤ በረዶውን አየች፤ ጠርሙሶቹን አየች፤ ከደነችው። ክትባቱ ደህና ነው አለች። እኔ አፍንጫዬን ይዤ ሁለቱንም ክትባት ነው የምትይው ወይስ አንዱን ልላት ፈልጌ ነበር፤ ቅጽል ስሜን እንደማታውቅ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ከሳጥኑ ቀጥሎ ወደ እኔ መጣች። ዓይኔን ገለጥ አድርጋ አየች፤ አንገቴን ዳሰሰች፤ ስንት ጣት ነው አለችኝ። ትክክል መለስኩ።

ከዚያ አንድ ነገር አደረገች። ራሴ ጭቃው ላይ ያረፈበት ጉድጓድ ክብ ሆኖ ይታያል። የእሷ ሄልሜት የተጋጨበት ድንጋይም አጠገቡ አለ። ጎንበስ ብላ በእጇ ለካችው። ከጉድጓዱ እስከ ድንጋዩ አንድ ስንዝር ነበር። ቆማ የራሷን ሄልሜት አወለቀች፤ ነጩ ላይ ከጆሮዋ በላይ ረጅም ጭረት ወጥቷል። ጭረቱን በአውራ ጣቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰችው።

በዚህ መካከል ከታችኛው ማሳ አንድ ሽማግሌ የእኔን ሄልሜት በሁለት እጃቸው፣ ራቅ አድርገው እንደ ፈላ ድስት ይዘው ወጡ። አካም ቡልተን ብለው ሰላምታውን ጀመሩ። ባለቤቴ ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን በየተራ ጠይቃ በየተራ መለሰች፤ እኔ ደሜን በመሐረብ ይዤ ሰላምታው እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ሲያልቅ ሽማግሌው ውስጡን ለማየት ፈርተው እንደነበር ነገሩን። ነገሩ ተንከባሎ እግራቸው ሥር ሲቆም ራስ ያለበት መስሏቸው ኖሯል። ባዶ መሆኑን ሲያዩ አምላካቸውን አመስግነው ነው የመጡት። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ ሂጂ ብለዋት፣ ለእኔ መታጠቢያ ውሃ ሊያመጡ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ሽማግሌው እስኪመለሱ መንገዱ ዳር ቁጭ አልን። ባለቤቴ አፍንጫዬን በጥጥ እየጠረገች፣ እኔን ሳታይ ተናገረች።

"እውነቱን ንገረኝ። ለምን ይሄን መረጥክ?"

"ለአቧራ ነው አላልኩሽም?"

"አቧራ አይደለም የፈራኸው። ሰው ነው።"

በደም የራሰውን መሐረቤን ማጣጠፍ ጀመርኩ።

"ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ" አለች። "ጉደር ላይ ሴቶቹ ከኋላሽ ያለው ማነው ይሉኛል። አባ መና ኮ፣ ባሌ ነው እላቸዋለሁ። በምን አወቅሽ ብለው ይስቁብኛል። ወር ሙሉ ፊት የሌለው ሰው አዝዬ ነው የምነዳው። እኔ እኮ አንተን ይዤ ስሄድ ደስ ይለኝ ነበር፤ እንዲያዩህም እፈልግ ነበር።"

አፍሬ ነበር፤ አሁን ደግሞ በማፈሬ አፈርኩ። በመጨረሻ ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ጥጡን አፍንጫዬ ላይ ከሚገባው በላይ ጫን አደረገችውና እሺ አለች።

ይቅርታዋ ግን መንገዱን አላሳጠረልኝም። ሞተሩ ከመስተዋቱ መጣመም በቀር ደህና ነበር። እኔ ልፈናጠጥ እግሬን ሳነሳ አቆመችኝ። ልኩ ያልሆነ ሄልሜት ያደረገ ሰው አላሳፍርም አለች። የቀረው አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ በእግርህ ና። ሳጥኑን በገመድ አሰረችና ሄደች። እኔ ሽማግሌው ባመጡልኝ ውሃ ታጥቤ፣ ጥቁሩን ሄልሜት እንደ እንስራ በእጄ አንጠልጥዬ፣ ጭቃውን እየረገጥኩ ተከተልኩ። ያገኘኝ ሰው ሁሉ ሰላም ይለኝና ሞተሩ የት አለ ይለኛል።

ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ስደርስ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ረጅም ሰልፍ ይዘዋል። ባለቤቴ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ ሥራ ጀምራለች። ስታየኝ በእጇ ጠራችኝ። ቁስሉ ጭቃ ስለነካው የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መወጋት አለብህ አለች። ቤት ስንደርስ ብላት አሁን ነው አለችኝ። ያ መርፌ በዚያ ቀን የመጣው ለሴቶች ነበር። ስለዚህ አንዲት ነፍሰ ጡር ከፊቴ፣ አንዲት አራስ ከኋላዬ ሆነው ተሰልፌ እጅጌዬን ጠቀለልኩ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ይስቃሉ። ተራዬ ሲደርስ ባለቤቴ ከፍ ባለ ድምፅ፣ በኦሮምኛ፣ ልጆች እዩ፣ ባርሲሳው፣ አስተማሪው አያለቅስም ብላ ወጋችኝ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ አቃስቻለሁ። ከዚያ መዝገቡን ተቀብዬ የእናቶቹን ስም ስጽፍ ዋልኩ። የእኔን ስም በየትኛው ዓምድ ልጻፈው ብላት፣ አንተ ሪፖርት ውስጥ አትገባም አለችኝ።

ሰኞ ከሥራ መልስ ሱቁ አብረን ሄድን። ኦቦ እኔን፣ አፍንጫዬ ላይ ያለውን ፕላስተር፣ ከዚያም ባለቤቴን አዩ። መሰላላቸውን አቅርበው ቢጫውን አወረዱ።

ባለቤቴ መጀመሪያ ሄልሜቱን ከውጭም ከውስጥም ዳበሰችው፤ ስንጥቅ ፈለገች። አጠለቀችልኝ። ጉንጮቼን በሁለት እጇ ይዛ ጨመቀች፤ ጉንጬ ወደ ላይ ተሰብስቦ ዓይኔን ሊደፍነው ሆነ። ራስህን ወዝውዝ አለች፤ አብሮ ዞረ። ከኋላ ይዛ ወደ ፊት ልታወልቀው ጎተተች፤ አልወጣም፣ እኔ ግን ልወድቅ ነበር። ማሰሪያውን ቆልፋ ሁለት ጣቷን አስገባች፤ ሦስተኛው አልገባም። በዚህ ሁሉ መሐል ደጃፉ ላይ ከአምቦ የሚመላለሱ ሁለት ተማሪዎቼ ቆመው እየተመለከቱ ነበር፤ እሷ ስታያቸው እናንተም ኑና ተማሩ አለቻቸው። ገብተው ተማሩ።

ከዚያ ደግሞ ግንባርህን የሚወጋህ ከሆነ የሚታወቀው ቆይቶ ነው፣ አድርገኸው ቁጭ በል ተባልኩ። እሷና አዛውንቱ ስለ ሰንሰለት ቅባት ሲጫወቱ፣ እኔ በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቢጫ ሄልሜት አጥልቄ ተቀመጥኩ። አንድ ገበያተኛ ገብቶ የሱቁ ሰው መሰልኩትና የፍሬን ሽቦ አለህ ወይ አለኝ። ግድግዳው ላይ ነው አልኩት። ስንት ቁጥር ይሻለኛል ሲለኝ ግን ባለቤቴ ከወዲያ ሆና መለሰችለት። ጥቁሩን ሄልሜት ለአዛውንቱ ትተንላቸው መጣን። ለሰው እንዳይሸጡት ስትለምናቸው፣ ምስማር መያዣ አደርገዋለሁ ብለው ቃል ገቡላት፤ አደረጉትም።

በማግሥቱ ጠዋት ፊቴን ገልጬ ተሳፈርኩ። ከአምቦ ስንወጣ ነፋሱ ዓይኔን አስለቀሰኝ። ለካ ወር ሙሉ መንገዱን አይቼው አላውቅም። ወንዙ ሞልቶ ቀይ ሆኗል፤ ባሕር ዛፉ ታጥቧል፤ ወደ ገበያ የሚሄዱት ሰዎች ሲያዩኝ እጃቸውን ያነሳሉ። እኔም አነሳለሁ፤ ሳጥኑን ያዝ ትለኛለች። ገበያው አጠገብ ስትቆም ከሴቶቹ አንዷ ቀረብ ብላ ፊቴን አየችኝና ለባለቤቴ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለቻት። ሁሉም ሳቁ። ምን አለች ብዬ ስጠይቅ፣ ይሄን የመሰለ ሰው መሸፈኑ ልክ ነበር ብላ ነው አለችኝ። ሴትየዋ በእውነት እንደዚያ ማለቷን ግን ባለቤቴ እስከ ዛሬ ምላ አላረጋገጠችልኝም። ቋንቋውን እኔም እሰማዋለሁ፤ ነፋሱ ግን ቃሉን ወስዶብኛል።

ክትባት የሚለው ስም አልለቀቀኝም። ከትምህርት ቤቱ እስክዛወር አብሮኝ ኖሯል፤ ሲጠሩኝ አቤት እስከማለት ደርሼ ነበር። በመስከረም የእንግሊዝኛው መምህር ለብቻዬ ጠራኝና፣ ለሚስቱ በግብርና ጽሕፈት ቤት ሞተር ሊሰጣት መሆኑን በሹክሹክታ ነገረኝ። የትኛው ሄልሜት ይሻላል፣ ጥቁር መስታወት ያለው አለ ሲሉ ሰምቻለሁ አለ። ጉንጩን ይዤ ጨመቅሁት። መምህራኑ ሁሉ ዞረው አዩን። ለአንተ ልክህ ሰፋ ያለው ነው፤ ፊትህን ግን ክፈተው አልኩት።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ልጆች ወልደን ካሳደግን በኋላ፣ የራሳችንን አሮጌ ሞተር ገዛን። ያኔ ነው እኔም መንዳት የተማርኩት፤ አስተማሪዬ እሷ ናት፤ ታጋሽ አስተማሪ አይደለችም። እንደምንም መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። መጀመሪያ ረዘም ያለ መንገድ የሄድነው እጃጂ ለዘመድ ሠርግ ነው። እኔ እነዳለሁ፤ እሷ ከኋላ ናት። የሞተሩ ድምፅ አያነጋግርም፤ ስለዚህ በራሷ ሄልሜት የእኔን ከኋላ መምታት ጀመረች። አንዴ ስትመታኝ ዝግ በል ማለት ነው። ሁለቴ ስትመታኝ ማርሽ ቀይር። መንገዱን ሙሉ አንዴና ሁለቴ ስትመታኝ ሄድን።

ስንመለስ፣ ፀሐይ ወደ ኋላችን ስትዘቀዝቅ፣ ሦስቴ መታችኝ። ሦስቴ ምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ጎማ ተነፈሰ ብዬ ዳር ይዤ ቆምኩ፤ ምን ሆንሽ አልኳት።

"ምንም" አለች። "ደስ ብሎኝ ነው። ንዳ።"